ሁለት ማንኪያ የሚያህለው የእሳት እራት

ማንኪያዋ የአሻንጉሊት መሆኗን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ያኔ ፎቶው ከዴንሃግ ሙርዋይክ እስከ ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ባለ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አባል ስልክ ሁሉ ደርሶ ነበር። የተከበረው ሥራ አመራር ኮሚቴም ታሪካዊ ውሳኔውን አሳልፎ ነበር። በማኅበራችን የተላለፈ ውሳኔ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቢሳሳትም ወደ ፊት ነው የሚሳሳተው።

በሚያዝያው የትምህርት ቤት ዕረፍት የማኅበሩ ቤተሰቦች ከባሕሩ ዳር የአሸዋ ጉብታዎች ጀርባ ካምፒንግ ወጣን። አባላቱ ድንኳን ተከልን፤ ለኮሚቴው የእንጨት ቤት ተከራየን፤ አመራር መሬት ላይ አይተኛማ። ልጄ ሐምራዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ድንኳን ውስጥ ለማደር ክረምቱን ሙሉ ስትለምነኝ ከርማለች። እኔም መዥገር መንቀያ፣ የቃጠሎ ቅባትና ነፋስ ድንኳኑን ቢነቅለው ከዛፍ ጋር የምንታሰርበት ገመድ ይዤ ፈቀድኩ። የቀረው ያላሰብኩት አደጋ ብቻ ነበር፤ እሱም ከራት በፊት መጣ።

ድንኳናችን ላይ አንድ የእሳት እራት ተለጥፏል። ግራጫ ነው፤ መዳፌን ይሞላል፤ ክንፎቹ ላይ አራት ዓይኖች ተከፍተው ያዩኛል። ሐምራዊት አንድ ጊዜ ፎቶ አነሳችው፤ ስልኳም ወዲያው ስሙን በሆላንድኛ ነገራት።

«እማዬ፣ ናኽትፓውኦኽ ነው! ምንም አያደርግም።»

ምንም አያደርግም የተባለ ነገር ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ኮሚቴውን ጠራሁ።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ግርማ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። ጸሐፊው አቶ ዘገየ ተከተሏቸው። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የምትሠራው እናትነሽ የጤና ዘርፍ ተወካይ ስለሆነች ጓንት አጥልቃ ደረሰች።

«ስሙ ታውቋል» አለች ሐምራዊት ስልኳን እያሳየች።

«በማን?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«በአፑ።»

«አፑ የማኅበሩ አባል ነው?»

«ኔይ፣ አይደለም፣ ግን ዘጠና ስምንት ፐርሰንት እርግጠኛ ነው።»

«አየሽ! ሁለት ፐርሰንት ይጎድለዋል። የጎደለውን ኮሚቴው ያጣራል። በመጀመሪያ ፎቶው በአግባቡ ይነሳ።»

በአግባቡ ተነሳ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጋሽ ግርማ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል፤ የእሳት እራቱ ከጀርባቸው ስለሆነ አይታይም። በሁለተኛው ወደ እሱ ይጠቁማሉ፤ ጣታቸው በጣም ጥሩ ወጥቷል።

«አንተ ጋረድከው እኮ» አለች ሐምራዊት።

ሊቀመንበሩ «አንተ» መባላቸው አስቸኳይ አጀንዳ ሆኖ ተያዘ። ስለ ትውልድ፣ ስለ ባህልና ስለ ሆላንድ ትምህርት ቤት ጥልቅ ውይይት ተደረገ። የእሳት እራቱ ሳይነቃነቅ አዳመጠ፤ ከተሰብሳቢው ሁሉ ሥነ ሥርዓት የጠበቀው እሱ ነበር።

ለሦስተኛው ፎቶ መጠኑ እንዲታወቅ ማንኪያ አጠገቡ ይቀመጥ ተባለ። አቶ ዘገየ ከሣሩ ላይ ያገኟትን አንዲት ማንኪያ አስጠጉ። ፎቶው «ማን ያውቀዋል?» ከሚል ጥያቄ ጋር ወደ ማኅበሩ ቴሌግራም ተላከ።

መልሱ ጎረፈ። ከዴልፍስሃቨን «ሁለት ማንኪያ ያህላል! ዶሮ ነው እንዴ?» ተባለ። ከስኪልደርስዋይክ «ልጆቹን አሽሹ!» የሚል መጣ። ከአምስተርዳም አንድ ወንድም ሦስት የሚጸልዩ እጆች ላኩ። የማያውቅ ሁሉ መለሰ፤ የሚያውቅ ካለም ተራ አልደረሰውም።

«የሌሊት ወፍ ጫጩት ነው» አሉ ጋሽ ግርማ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አራት ካሜራ ያለው የሌሊት ወፍ የለም» አሉ አቶ ዘገየ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ የማዘጋጃ ቤት ነው። ማን በሕመም ፈቃድ ላይ ሆኖ እዚህ እንደሚዝናና እየቀረጸ ነው።» ይህን ብለው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ፤ በወገብ ሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው።

«እኔን የሚያስጨንቀኝ መርዙ ነው» አለች እናትነሽ። «ቢነድፈን የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ሃውስአርትሱ፣ ፓራሲታሞል ዋጡ ነው የሚለን።»

በዕለቱ ከተነገረው ሁሉ ማስረጃ የነበረው ይህ ብቻ ነው።

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፍጡሩ ማንነቱ እስኪጣራ አደገኛ ነው። ማንም ድንኳን ውስጥ አያድርም፤ አባላት በየመኪናቸው አድረው ነገ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ኮሚቴው መኪና ውስጥ ሆኖ ሁኔታውን መከታተል ስለማይመቸው በእንጨት ቤቱ ያድራል፤ በሩም እስኪነጋ ይቆለፋል።

ሐምራዊት የመኝታ ከረጢቷን መጠቅለል ጀመረች፤ በየመሃሉ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

በዚህ ጊዜ የካምፒንጉ ጠባቂ፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ሴትዮ፣ ጫጫታውን ሰምታ መጣች። የእሳት እራቱን ስታይ ፊቷ በራ። ዕድለኞች ናችሁ አለችን፤ ሴቷ ናት፤ ዓይኖቹ ወፍ ማስፈራሪያ ሥዕል ናቸው እንጂ አያዩም።

«ትናከሳለች?» አለች እናትነሽ።

«በምኗ? አፍ የላትም እኮ። እንቁላሏን ጥላ፣ ምንም ሳትበላ በጥቂት ቀን ትሞታለች።»

ከዚያም ማንኪያዋን በሁለት ጣቷ አነሳችና፣ አሻንጉሊቷን ልታበላ ማንኪያ ፍለጋ ለምታለቅስ የጎረቤት ድንኳን ሕፃን ሰጠቻት። ማንኪያዋ ከሕፃኗ ትንሽ ጣት አትበልጥም ነበር።

ኮሚቴው በአዲሱ መረጃ ላይ መከረ። አፍ የሌለው ፍጡር ለኮሚቴው እንግዳ ነገር ነበር።

«ታዲያ አስተያየት እንዴት ትሰጣለች?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«አትሰጥም» አለች ጠባቂዋ።

«ይሄማ ይባስ!» አሉ አቶ ዘገየ። «ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው የሚፈራው።»

ጋሽ ግርማ ማብራሪያውን በምስጋና ተቀብለው ውሳኔው እንደሚጸና አስታወቁ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ወስነናላ፣ የምሥራች» አሉኝ በስሜ ጠርተው።

እኔ አደጋ በመቁጠር የሚስተካከለኝ የለም። ይህችን አፍ የለሽ ግን የት እንደምመድባት ግራ ገባኝ። ሆላንድ ከገባሁ ጀምሮ ከደረሰብኝ ክፉ ነገር በአፍ ያልመጣ አንድም አላስታውስም።

ከረጢቱን ከሐምራዊት እጅ ተቀብዬ ድንኳኑ ውስጥ መልሼ ዘረጋሁት።

«ኮሚቴውስ፣ እማዬ?»

«እሱንም አስተኝቼው እመጣለሁ።»

ሰማዩ ገና ጨርሶ አልጨለመም። እናቶች ከየመኪናው አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል፤ ልጆቹ ከኋላ ወንበር እግር ለእግር ይራገጣሉ። ወደ እንጨት ቤቱ ሄድኩ። ሦስቱም ገብተው ጋደም ብለዋል። ውሃ እንዳላቸው፣ ሽንት ቤቱም እዚያው ቤት ውስጥ መሆኑን፣ መስኮቱም እሳት ቢነሳ ጋሽ ግርማን ከነሆዳቸው እንደሚያሳልፍ አረጋገጥኩ። ክፉ ቀን አይታወቅም። ከዚያ ወጥቼ በሩን ገጠም አደረግኩት። ቁልፉ በውጭ በኩል ተሰክቷል። ውሳኔው በሩ ይቆለፍ ይላል እንጂ ከየት በኩል አይልም።

«የምሥራች!» አሉ ጋሽ ግርማ ከውስጥ፣ «በሩ ይቆለፍ እንጂ!»

«እየቆለፍኩት ነው፣ ጋሽ ግርማ።»

«ሁለት ጊዜ አዙሪው። ለአባላቱ ደኅንነት ነው።»

«ልክ ነዎት» አልኩና ሁለት ጊዜ አዞርኩት።