ስለ ፍርስራሽ ማንሻ ተሽከርካሪ የተደረገ ከፍተኛ ጥናት

ታላቅ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ይጠናል፤ ጥናቱ ታላቅ ከሆነ ደግሞ ሥራው ባይሠራም ነውር የለበትም። ይህን እውነት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አብልጦ የተረዳው አንድ የፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ጎረቤቶቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ሽልማት ተቀብሎታል።

ሚሊሜትር ቤቱን ሊያድስ ተነሥቶ የመታጠቢያ ክፍሉን በሦስት ቀን አፈራረሰና ፍርስራሹን ደጃፉ ላይ ከመረው። ግንበኛው መጥቶ አየና «ይሄ ካልተነሳ አሸዋዬን የት ልዘርግፍ?» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ፎጣዋን በብብቷ ይዛ እህቷ ቤት እየሄደች ትታጠባለች።

«ጋሪ ጠርተህ አስነሳው እንጂ» አለችው።

«ጋሪ የዛሬን ነው። የራሳችን ርካሽ ተሽከርካሪ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።»

«እኔን የቸገረኝ የዛሬው ነው።»

ጥናቱ ተጀመረ። ፍርስራሹ በባልዲ በባልዲ ተመዝኖ ስልሳ ሦስት ባልዲ ሆነ። ሦስት እጩዎችም ቀረቡ። የጭነት ባጃጁ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የመመለስ ዝንባሌ ታየበት። ተጎታቹ ጋሪ እንከን አልተገኘበትም፤ የሚጎትተው መኪና ግን ቤተሰቡ አልነበረውም። አሮጌው ፒክአፕ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ዝናብ ጣለ። እርጥብ ፍርስራሽ ከደረቁ ይከብዳልና ምዘናው ከአንደኛው ባልዲ እንደገና ተጀመረ።

በሁለተኛው ወር እህትየዋ «እህት ዓለም፣ ሳሙናሽን ከምታመላልሺው ለምን አልጋሽን አታመጪውም?» አለች። ሚስትየው ነገሩ ገባት።

ሚሊሜትር ፒክአፑን ሊመረምር ሌላ ከተማ ሄደ። ብሎኑን አንድ በአንድ ስለሚፈትሽ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በሄደ ማግሥት ጎረቤትየው አንገቱን በአጥር አሻገረ።

«እትዬ፣ ይሄን ፍርስራሽ ትፈልጉታላችሁ? ግቢዬ ጎድጉዶ ውሃ አስቸግሮኝ ነበር።»

«በሞቴ ውሰደው።»

በአንዲት የእጅ ጋሪ፣ ከምሳ በፊት ተጠናቀቀ። ግንበኛው ተጠራ፤ የመታጠቢያ ክፍሉም በሳምንቱ አልቆ አብረቀረቀ።

ሚሊሜትር ፒክአፑን ገዝቶ እያንገጫገጨ ሲገባ ደጃፉ ተጠርጎ ጠበቀው።

«ፍርስራሹስ?»

«ተነሳ።»

«በማን ፈቃድ? መኪናው እኮ ለእሱ ነው የተገዛው።»

በቀጥታ ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ።

«ግማሹን እንኳ ብትመልስልኝ?»

«ጋሼ፣ ሲሚንቶ ፈሶበታል እኮ።»

«ሩቡንስ?»

ጎረቤትየው በሩን በአክብሮት ዘጋው።

ይሁን እንጂ ተስፋ መቁረጥ የተመራማሪ ጠባይ አይደለም። ሚሊሜትር አዲሱን የመታጠቢያ ክፍል በውሃ ልክ ሲለካው ወለሉ ወደ በሩ ሁለት ሚሊሜትር አዘንብሎ አገኘው። እንዲህ ያለ ጥፋት በዝምታ አይታለፍም፤ ፈርሶ ካልተሠራ መድኃኒት የለውም። ፊቱ በርቶ ፒክአፑን ወደ ደጃፉ አስጠጋ፤ መዶሻና መሮውን ይዞ ሲመለስ የመታጠቢያው በር ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳ።

«ሰው አለ» አለች ሚስቱ።

«ለሥራ ፈልጌው ነበር። መቼ ትወጫለሽ?»

«እሱ ገና በጥናት ላይ ነው» አለችና ውሃውን ለቀቀችው።