መምህር ዋለ ስም ይጠራሉ

በዚህ አገር ሦስት ሰው ከቆመ አራተኛው መጥቶ ስም መጥራት ይጀምራል። በዕድር አለ፣ በጽዋ ማኅበር አለ፣ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ «አንድ ሰው ጎድሏል!» የሚል አለ። የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ነው፤ ሲቆጥር ራሱን ይረሳል።

እኔ የማውቃቸው ስም ጠሪ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ናቸው። ክቡር መምህር ዋለ ይባላሉ። በመካነ ሰላም ትምህርት ቤት የቀድሞ ዩኒት ሊደር፣ ዛሬ በማልዲቭስ በአንዲት ደሴት የሒሳብ መምህር፣ በቴሌግራም ደግሞ የሠላሳ አንድ ስደተኛ መምህራን የበላይ ጠባቂ ናቸው። «ስደተኛ» ማለቴን ከሰሙ ይቆጡኛል። «በውጭ አገር የተመደቡ ነው የሚባለው» ይላሉ። ማን እንደመደባቸው ግን ተናግረው አያውቁም።

የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሁሉ የእኛ አካባቢ መምህራን ናቸው፤ ከወሎው ቦረና፣ ከደጎሎ፣ ከአጅባር ወጥተው ማልዲቭስ፣ ኪጋሊ፣ ሐርጌሳና ጁባ ያስተምራሉ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ግሩፕ ሲከፍት የበዓል ካርድ ይለጠፍበታል፣ ወሬ ይወራበታል። በመምህር ዋለ ግሩፕ ስም ይጠራል። ዘወትር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በመካነ ሰላም ሰዓት፣ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ሠላሳ አንድ። ሁሉም «አቤት» ብሎ መጻፍ አለበት። አውራ ጣት የላከ «አውራ ጣት አፍ የለውም» ይባላል። አምስት ደቂቃ ያለፈበት «ዘግይቷል»፣ ያልመለሰ «ቀሪ»፣ ሁለት ቀን የቀረ ደግሞ ይደወልለታል።

ሰዓት የሚጽፍ ሰው «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» ብሎ ካልጨመረ መልእክቱ ይሰረዛል። ይህ ደንብ የወጣው በአሻግሬ ምክንያት ነው። አሻግሬ ኪጋሊ በገባ ማግስት ስምንት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እንዲገኝ ተነገረው። ተኝቶ አረፈደ፣ ምሳውን በላ፣ ጫማውን አስጠረገና በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። ተማሪዎቹ ወደ ቤት ሊሄዱ ቦርሳቸውን እያነገቱ ነበር።

እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይና ፓስቲ የምሸጥ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። መምህራን ግሩፕ ውስጥ ምን አገባሽ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ በወላጅነት ተጠርቼ ነው።

ታናሽ እህቴ ሉሊት የመምህር ዋለ ተማሪ ነበረች። እሳቸው ካሉበት አራት ሰዓት በጀልባ በምትርቅ ሌላ ደሴት ላይ የሒሳብ መምህር ሲፈለግ ማስታወቂያውን የለጠፉት እሳቸው ናቸው። ተወዳደረች፣ ሄደች። ሥራው ግን የሦስት ወር ሙከራ አለው። በመጨረሻ ርእሰ መምህሯ ክፍል ገብታ ሉሊት ስታስተምር ታያለች፤ ካልጣማት ሻንጣ ይዞ መመለስ ነው። በእኛ ቤት ከመንደር ርቃ የሄደች ሴት ሉሊት የመጀመሪያዋ ናት፣ ስለዚህ ሦስቱን ወር እኔም አልተኛሁም።

በሁለተኛው ወር ላይ ሉሊት ለስም ጥሪ መዘግየት ጀመረች። መምህር ዋለ ጻፉ፦

«ተ.ቁ 23፣ ሉሊት፣ ለሁለተኛ ቀን ዘግይታለች። ወላጅ ይጠራ።»

ሰው የቀለዱ መስሎት ሳቀ። መምህር ዋለ አይቀልዱም። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ስከፍተው ግሩፑ ውስጥ ነኝ። ከሐርጌሳ ብዙአየሁ «እንኳን ደህና መጡ፣ ወላጅ። ወንበር ስለሌለ ቆመው ይጠብቁ» አለኝ።

ሉሊት «የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ወላጅ አይጠራብኝም» ብላ ጻፈችና ወጣች። እኔ ቀረሁ፤ ተማሪ የሌላት ወላጅ።

ያን ዕለት መምህር ዋለን ረገምኳቸው። በማግስቱ ምሽት ግን ስም ሲጠሩ ሃያ ሁለት ላይ ደርሰው ቁጥሩን አልዘለሉትም። «23፣ ሉሊት፣ ፈቃድ» ብለው ጻፉ። ሰውየው ፈቃድ የሚባል ነገር ሰጥተው አያውቁም። አሻግሬ ጥርሱን ተነቅሎ ሲቀር እንኳ «የተነቀለው ጥርስህ ነው፣ ጣትህ አይደለም» ብለው ቀሪ ያስገቡ ናቸው። ለሉሊት ግን በማግስቱም ፈቃድ፣ በሦስተኛውም ፈቃድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ፈቃድ።

አንድ ዓርብ ሉሊት እያለቀሰች ደወለች።

«እታለም፣ ልመጣ ነው።»

«ምን ሆነሽ?»

«ልጆቹ አይሰሙኝም። ወደ ሰሌዳው ስዞር ገበያ ይሆናል። ዝግጅት ስጽፍ አመሻለሁ፣ ጠዋት ክፍል ስገባ ሁሉም ይጠፋኛል። ሐሙስ ርእሰ መምህሯ ልታየኝ ነው። ከምታባርረኝ ራሴ ልሂድ።»

ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው ለዚህ ምን ይመልሳል? «ውሃ ጠጪበት» አልኳት። ከዚያ መምህር ዋለ ጋ ደወልኩ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ምክር ጠብቄ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ያዝኩ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሐሙስ ነው ያለችው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ነገ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ክፍል ትግባ በሏት። ተማሪ እኔ አመጣለሁ።»

አመጡ። ከአራት አገር አሥራ አራት መምህራን በቪዲዮ ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። እኔንም አልተዉኝም፤ ስልኬን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ ከፓስቲው መጥበሻ ጀርባ ተማርኩ። ክፍሉ የለየለት ዱርዬ ክፍል ነበር። የአራት ልጆች አባት የሆነው ብዙአየሁ ማስቲካ እያጮኸ ያኝካል። አሻግሬ በየሁለት ደቂቃው «ቲቸር፣ ሽንት ቤት!» ይላል። መምህር ዋለ ናቸው እንዲህ በጥብጡ ያሉት፤ ማን ምን እንደሚያጠፋ ሳይቀር ደልድለዋል።

የሉሊት ድምፅ መጀመሪያ ላይ የትንኝ ያህል ነበር። ብዙአየሁ «አይሰማም!» ብሎ ጮኸ። ተስፋ ቆርጣ ልትዘጋው ነው አልኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችው፤ እናታችን ልትቆጣ ስትል የምታየው ዓይነት አስተያየት ነው።

«ብዙአየሁ፣ ማስቲካህን ትፋ።»

ሰውየው ደንግጦ ዋጠው።

ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች። «ሐረግ አካሉ» ስትል እጄን በሽርጤ ጠርጌ «አቤት» አልኩ። ስሜ ከአባቴ ስም ጋር ክፍል ውስጥ ሲጠራ ስንት ዘመኑ ነው! «ዋለ» ስትል እሳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ቀበቷቸውና ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ቀረ። «አቤት፣ ቲቸር» አለ ቀበቶው። ሉሊት ተቀመጥ ማለቱን ረሳች። አርባ ደቂቃ ሙሉ ክፍልፋይ ስታስተምር ቀበቶው አልተነቃነቀም። ግማሽና ሩብ ስንደምር ስንት ነው ብላ እኔን ስትጠይቅ ሻይ የሚጠጣ የደጎሎ መኪና ሹፌር «ሦስት አራተኛ! በይያት እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሉሊት «ያልተጠራ አይመልስም» አለችው። ብርጭቆውን አስቀምጦ «ይቅርታ፣ ቲቸር» አለ።

ሐሙስ ደረሰ። ሁለት መጥበሻ ፓስቲ አሳረርኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከሉሊት አንድ ቃል መጣ፦ «አለፍኩ።»

የምሥራቹን ቀድሜ ልናገር ብዬ መምህር ዋለ ጋ ብደውል ስልካቸው አይነሣም። ደገምኩ፤ አይነሣም። ቆይቶ ሉሊት በቪዲዮ ደወለች፤ ግማሽ ትስቃለች፣ ግማሽ ታለቅሳለች። ስልኩን ስታዞረው በትምህርት ቤቷ በር ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ኮትና ከረባት ያደረጉ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መምህር ዋለ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። የመንዝና የቦረና ቁልቁለት ያላዞራቸውን ሰው ባሕሩ አዙሯቸዋል። ከሥራቸው የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀው፣ ጎሕ ሲቀድ በጀልባ ተሳፍረው፣ ለማንም ሳይናገሩ ከረፋዱ ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው ኖሯል።

«መምህር፣ ታዲያ ለምን አልገቡም?» አልኳቸው።

«ካየችኝ ትደነግጣለች።»

«ካልገቡ ደግሞ ለምን ይሄን ያህል ባሕር አቋረጡ?»

መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። እንደማይገባው ተማሪ ነው ያዩኝ።

«ወይዘሮ ሐረግ፣ ብታልፍማ እኔ ምን አደርግላታለሁ? እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት ሞልቷል። ባታልፍስ? በዚህ በር ብቻዋን ልትወጣ ነበር?»

ሉሊት ስልኩን ሳትዘጋው ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው፣ ጥላ ወዳለበትም ወሰደቻቸው። የባሕሩ ነገር ገና አልለቀቃቸውም፤ ይንገዳገዱ ነበር።