ሁሉም እንደ እኔ

ራሱን የሰው ልጅ ናሙና አድርጎ የሚቆጥር አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ስሠራ ገጥሞኛል። ሰው ሁሉ እንደ እሱ ቢያስነጥስ ደስታውን አይችለውም ነበር።

አዲስ ኮምፒውተሮች የገቡልን ጊዜ ባለሙያዋን ሆዳንን ጠራና፣ «አቦ፣ ሁሉም እንደ እኔ ኮምፒውተር ይሁን! ማንም ሠራተኛ ሲከፍት እኔ የማየውን ይይ» አላት።

«የግልህም ነገር አብሮ ይገለበጣል እኮ» አለችው። ድሬ መቼም አንቱታ አታበዛም።

«እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?» አለ ደረቱን ነፍቶ።

እንዳዘዘው አደረገችለት። በማግስቱ ከሰዓት፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ በባለጉዳይ እንደተሞላ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ። መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ ደንግጣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ማስታወሻ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የጫት በርጫ ሰዓት ደርሷል፤ ሳቢያን። ለባለጉዳይ የሚነገር፦ መልካ ጀብዱ ለመስክ ሥራ ወጥቷል።» ሳቢያን እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ መልካ ጀብዱ ግን ከከተማ ወጣ ያለች ናት።

ለአንዲት ፊርማ ስትመላለስ የከረመች እናት ብድግ አለች። «ወላሂ፣ መልካ ጀብዱ መቼ ነው ሳቢያን የገባችው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችን ከቢሮው እየሮጠ ወጥቶ፣ «አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። አጠፋነው። ከዚያም ቦርሳችንን አንጠልጥለን ወደ በሩ አመራን።

«ወዴት ነው?»

«መስክ» አልነው። «እንደ እኔ ሁኑ ያልከው አንተ ነህ።»

እንዴት ያለ ድል መሰላችሁ! እየተሳሳቅን ስንወጣ ያቺ እናት ፋይሏን ታቅፋ መስኮቱ ሥር ቆማለች።

«ነገ ነይ» አልናት፤ ቁርጥ እሱን መስለን።