የክቡር ያኔ ሳንቲሞች

በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ «ያኔ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ» እያለ የሚኖር አንድ ሰው አለ። «በእኛ ቤትስ የለም» የሚል ካለ፣ ሰውየው እሱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡን ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ሰው ሀብታም ሆኖ አያውቅም፤ ሀብት ግን በየዓመቱ ለጥቂት ትስተዋለች።

የእኛ ቤት ክቡር ያኔ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለትምህርት ብዬ ከእሳቸው ዘንድ ስለምኖር ማዕረጋቸውን በቅርብ አውቀዋለሁ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ «ክቡር ያኔ» ብለው የሾሟቸው ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ሙያቸው ሰዓት መጠገን፣ ሱሳቸው አሮጌ የብር ሳንቲም መሰብሰብ፣ የሙሉ ጊዜ ሥራቸው ግን መቆጨት ነው። የአገሩን ሰው ሰዓት ያስተካክላሉ፤ የራሳቸው ጊዜ ግን ሁልጊዜ አምልጧቸዋል።

የቁጭታቸው አባት አንድ ማሰሮ ነው። ገና ወጣት ሳሉ ጎረቤታቸው የነበረ አንጥረኛ ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ማሰሮ ሙሉ የብር ሳንቲም በርካሽ ልሽጥልህ አላቸው። ጋሼ «ላስብበት» አሉ። አስበው ሲመለሱ አንጥረኛው ሳንቲሞቹን አቅልጦ ማንኪያ ሠርቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በማንኪያ በበሉ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል፤ ማንኪያው የላስቲክ ቢሆንም።

ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው የማዕድናትን ዋጋ ሲያነብ በቤታችን መተንፈስ ክልክል ነው። የብር ዋጋ ከጨመረ፣ «አየሽ፣ ያኔ ጨምሬ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ» ይላሉ። ከቀነሰ፣ «አየሽ፣ ትናንት ሸጬው ቢሆን ኖሮ» ይላሉ። ባለበት ከቆመም አይተርፉም፤ «ይሄ ዝምታ ደስ አይለኝም፤ አንድ ነገር ሊመጣ ነው» ብለው ቁርሳቸውን ይገፋሉ።

«ለመሆኑ» አሉ እትዬ አንድ ቀን፣ «ዋጋው ምን ቢሆን ነው አንተ እህል የምትበላው?»

ጋሼ ጥያቄውን ከልባቸው አሰቡበት። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንድ ጊዜ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ወዳጃቸውን ልንጠይቅ ሄድን። በሽተኛው ገና «ዛሬ ትንሽ ሻል ብሎኛል» ከማለቱ፣ ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ያቺን የብር ትሪ ልትሸጥልኝ የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል?» አሉት። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። ስንወጣ በሽተኛው በአንድ እጁ ጉሉኮስ እንደያዘ፣ በሌላው የጋሼን ትከሻ እየመታ ያጽናናቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሃያ ሁለት ሳንቲሞች ሰብስበዋል። ሌባ እንዳያገኛቸው ከግድግዳው ሰዓት ሆድ ውስጥ ደበቋቸው። ሰዓቱ ሸክሙ ከብዶት ቆመ፤ በሰዓት ጠጋኝ ቤት የሚሠራ የግድግዳ ሰዓት ሳይኖር ቀረ። ለሳንቲሞቹ የወጣው ሕግም ጥብቅ ነበር፦ በጠርዛቸው ይያዛሉ፣ አይታሹም፣ አይተነፈስባቸውም። ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም። የጋሼ ክልከላ ብዙ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ለትምህርት ጊዜ አይተርፈውም።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩባትን ጠባብ የሰዓት ቤት ባለቤቷ ሊሸጣት ተነሣ። «ቅድሚያው ያንተ ነው፤ ግን እስከ ቅዳሜ ብቻ» አላቸው። ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ለዓመታት የሚያውቃቸው አንድ የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ወደ ቤት መጥቶ፣ ሃያ ሁለቱንም በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ያቺን ክፍል ሊገዛ የሚችል ዋጋ ጠርቶላቸው ነበር። ጋሼ ምን እንዳሉት መገመት አያቅትም። «ላስብበት» ብለው፣ የብር ዋጋ በቀን በቀን ሲወጣ እያዩ ሦስት ሳምንት አሰቡ።

አሁን ቀኑ አጠረ። ነጋዴው ሐሙስ እመጣለሁ አለ። ጋሼ እህል አልወርድ አላቸው። «ሐሙስ ዋጋው ቢወርድስ? ሰውየው ቢቀርስ? ቢመጣና ሐሳቡን ቢቀይርስ?» እያሉ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይመላለሳሉ። የደንበኛ ሰዓት ገልብጠው ገጥመው፣ ባለቤቱ «ጋሼ፣ ስድስቱ ከላይ ሆነብኝ» ብሎ ይዞላቸው ተመለሰ።

እኔ በዚያ ሳምንት በኬሚስትሪ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ነበር። ሳንቲሞቹ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረው ማየቴ አሳዘነኝ። ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ፊቱን መታጠብ አለበት አልኩና፣ ጋሼ ሥራ እንደሄዱ በጎድጓዳ ሳህን የምግብ መጠቅለያ ፎይል አነጠፍኩ፤ ሳንቲሞቹን ደርድሬ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩ፤ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። ጥቁረቱ በዓይኔ ፊት ወደ ፎይሉ ተሰደደ። ሁሉም ልክ መጽሐፉ እንዳለው ሆነ። ሃያ ሁለት ትናንሽ ፀሐዮች አድርቄ፣ በጨርቃቸው ጠቅልዬ፣ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፤ የማገኘውንም ምስጋና ለሐሙስ አቆየሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ነጋዴው መጣ። ጋሼ የሰዓቱን ሆድ ከፍተው ጨርቁን ሲፈቱ እጃቸው መሐል ላይ ቆመ። በደስታ መስሎኝ ነበር። ነጋዴው መነጽሩን አድርጎ አንዱን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ዕድሜያቸውን ማን አጠበው?» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ያ ጥቁረት ቆሻሻ እኮ አይደለም፣ ልጄ። መቶ ዓመት ያለበሳቸው ልብስ ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለእሱ ነው። አሁንማ ያው ብረት ናቸው፤ እንደ ማንኪያ በሚዛን ነው የምወስዳቸው።»

ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ለዓይን እንዲያምሩ ብዬ።»

«አንተ?» ነጋዴው ሳቁ አመለጠው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አትንኩ፣ አትተንፍሱ ስትለን የኖርከው ሰውዬ? ይሄንንስ ለሰብሳቢ ጓደኞችህ ሳልነግራቸው አላድርም።»

«ሰው ሲያረጅ ይጃጃላል» አሉ ጋሼ። አፌን ልከፍት ስል፣ «አንቺ፣ ሻይ አምጪልን» አሉኝ።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ሚዛኑ ወጥቷል። ነጋዴው ዋጋውን ነገራቸው። እትዬና እኔ «ላስብበት»ን ጠበቅን። ጋሼ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስቡ፣ «ውሰደው» አሉ።

ገንዘቡ አልበቃም። ቅዳሜ የሰዓት ቤቷን አንድ ጫማ ሻጭ ገዛት። ጋሼም ጠረጴዛቸውን አምጥተው ከእኛ ሳሎን መስኮት ሥር ዘረጉ። «እዚህ ብርሃኑ ይሻላል» ይላሉ። አይሻልም፤ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ግንብ ይጋርደዋል። ደንበኞቻቸው ግማሾቹ ቤቱን ማግኘት አቅቷቸው ቀርተዋል።

ቁጭታቸው ግን በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል። ጠዋት ሬዲዮው ሲከፈት ዝርዝሩ ከማሰሮው ይነሣል፤ በብር ትሪዋ በኩል ያልፋል፤ ያልተሸጠበትን ከፍተኛ ዋጋም በቀኑ ይጠራል። እኔ ከመጽሐፌ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተራዬን እጠብቃለሁ። ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን አልተጠራሁም። ዝርዝሩ እዚያች ሐሙስ ላይ ሲደርስ ዘሏት ያልፋል።

አንድ ጊዜ አልቻልኩምና፣ «ጋሼ፣ ያኔ ባልነካኋቸው ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ» አሉ ከሰዓቱ ላይ ቀና ሳይሉ። «‹ያኔ› የእኔ ነው። በሌላ አልተሳካልኝም፤ እሱን እንኳ አትቀሚኝ። ጥናትሽን አጥኚ።»

ነጋዴው አንዷን ሳንቲም፣ ንጹሕ ብር አይደለችም ብሎ፣ ትቷት ሄዶ ነበር። ጋሼ መስኮቱ ላይ፣ ከደብተሮቼ አጠገብ አስቀመጧት። «አትንኪያት» አሉኝ፤ በዚህ ጊዜ ምክንያቱን ጨመሩበት። «አርባ ዓመት ከታገሥሻት ልብሷ ይመለስላታል።»

አልነካኋትም። ሰሞኑን ግን በጠርዟ ዙሪያ እንደ ሻይ እድፍ የቀጠነ ቡናማ ነገር ማየት ጀምሬያለሁ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ከነገርኳቸው፣ የዛሬ አርባ ዓመት ዋጋዋ ስንት እንደሚሆንና ያኔ በርካሽ ሸጬ እንዳላጠፋት ከዛሬ ጀምረው ስለሚጨነቁ፣ ቁርሳቸውን አይበሉም።