«አላውቅም» ያለችው ዶክተር

«አላውቅም» የሚል ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በስደት በምኖርባት በቻምብሊ ከተማ፣ ጋራዥ ውስጥ አንዲት አገኘሁ። ዶክተር ሰላም ትባላለች፤ ሥራዋ ብረትን ሳይሰብሩ በኒውትሮን ጨረር ውስጡን መመርመር ነው።

እንጀራዬ የሆነችው ታክሲ ኳ ኳ ማለት ስትጀምር፣ መካኒኩ ጋሽ ታዬ ጆሯቸውን አስጠግተው «ትራንስሚሽኑ ሄዷል፤ ቼንጅ እናድርገው» አሉ። ወረፋ የያዙት ሾፌሮችም የየራሳቸውን በሽታ አወጡላት።

«ዶክተርዬ፣ አንቺስ?» አልኳት፣ እሷም ወረፋ ይዛ የነበረችውን ሰላምን።

«ሳላየው አላውቅም። ላዩ ያማረ ስንት ብረት ውስጡ ተሰንጥቆ አግኝቻለሁ» አለች።

ሾፌሮቹ ሳቁ። ይህን ሁሉ ተምራ?! ጋሽ ታዬ እሷን ለማሳፈር ሲሉ ታክሲዬን ወደ ላይ አንስተው ፈተሹ። አንድ ብሎን ላልቷል፤ በቃ።

ዛሬ የማንም መኪና ሲመጣ፣ ጋሽ ታዬ ገና ኮፈኑ ሳይነሳ ደረታቸውን ነፍተው «አላውቅም!» ይላሉ፤ እንደ ዶክተር።