በቀቀኗና የጡረተኛው ሹክሹክታ

ጡረታ የወጣን ወንድ ከምንም በላይ የሚቸግረው የሚያዘው ሰው ማጣቱ ነው። ደመወዙ ቢቀንስም ድምፁ አይቀንስም። ጠዋት የሚስቱን የሽንኩርት አከታተፍ ያርማል፤ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤቱን ስለ አጥሩ ይመክራል። እናንተም ቤት አንድ ሳይኖር አይቀርም። ከሌለ፣ እናንተው ናችሁ።

እኔ ደሴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበርሁ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ኮምቦልቻ የሚኖረው ወዳጄ ይማም ቤት ሊቀይር ሆነና አንዲት አረንጓዴ በቀቀን ሰጠኝ። ትንሽ ናት፤ ጅራቷን ካልቆጠራችሁ ከጡጫ አትበልጥም።

"አደራህን፣ ሙቀት ለምዳለች። ጩኸትም አታሰማት፤ ጥሬ በመዳፍህ ይዘህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ራሷ ትመጣለች" አለኝ።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ጨመረ፤ ያለችበትን ካርቶን በጋቢዬ ጠቀለልሁት። ባለቤቴ ዘይነብ በዚያ ጋቢ አንድ ቀን እንኳ ተጠቅልላ እንደማታውቅ የነገረችኝ ቤት ስደርስ ነው።

ወፏ ክፍል ያስፈልጋታል። ግቢው ውስጥ የተገኘው ደግሞ የዘይነብ ዶሮዎች ቤት ብቻ ነበር። ዶሮዎቹን ለልማት አነሳኋቸው። ቆርቆሮውን ቀየርሁ፣ ፊቱን በወንፊት ሽቦ ዘጋሁ፣ በነፋሱ በኩል ወፍራም ላስቲክ ወጠርሁ፤ በር ሲከፈት እንዳታመልጥም ሁለተኛ በር ጨመርሁ። "ለዶሮዎቹ እንጨት ማስቀመጫው ሥር ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል" ብላት፣ "እንቁላሉንም ከዚያው ከምትኩ ቦታ ፈልገው" አለችኝ።

ከዚያ ማላመዱ ተጀመረ። በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ እገባና ማሽላ በመዳፌ ዘርግቼ፣ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። "ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ" እላለሁ በሹክሹክታ። ጎረቤቴ ሚስማር እንዳይመታ ለመንሁ፤ ዘይነብ ትሪ እንዳታንኳኳ አዘዝሁ። ሁለት ወር ሙሉ! ወፏ ግን ከላይኛው ቅርንጫፍ ጥግ ተኮራምታ እኔን እንደ ኦዲተር ታየኛለች። ይባስ ብላ መብላት ቀነሰች፤ ላባዋም ተንጨፈረረ። ወላሂ፣ የይማም አደራ በእጄ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

በነሐሴ አንድ ቀን ዘይነብ ሁለቱንም በሮች በርግዳ ገባች። ብርድ የገደላትን ዶሮ በእጇ አንጠልጥላለች።

"የአሊ አባት! ይቺን እያት! ሠላሳ ዓመት 'የኔ እመቤት' ያላልኸኝ ሰውዬ፣ ለወፍ ስታንሾካሹክ ዶሮዬን በብርድ ጨረስሃት!"

ጩኸቷ ሰኞ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። "ቀስ በይ፣ ትደነግጣለች!" ልል አፌን ስከፍት፣ ወፏ ከቅርንጫፏ ተነስታ ዘይነብ ትከሻ ላይ አረፈች።

ዘይነብ ደንግጣ ዝም አለች። ዝምታውን ያልወደደችው ወፏ ናት፤ ጆሮዋ ሥር ጮኸችባት።

"ምን አልሽ?" አለቻት ዘይነብ። ወፏ መለሰችላት።

ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች ይባላል። አገሯ መንጋ ነው፤ መንጋ ደግሞ ወሬ ነው። ያቺን ምስኪን ሁለት ወር በጸጥታ የቀበርኋት እኔው ነኝ።

ክፍሉን በሽቦ ለሁለት ከፍዬ የተረፉትን ዶሮዎች መለስሁ። ወፏ መብላት ጀመረች። ዘይነብም ከሰዓት በኋላ ሽንኩርቷን ይዛ እዚያው መዋል ለመደች። አንድ ቀን ከውጭ ቆሜ ሰማኋት። ቢስቲማ ያለችው እህቷ መታመሟን፣ ዓይኗን ካየች ሁለት ዓመት እንዳለፋት ለወፏ ትነግራታለች።

"ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኋት ገብቼ።

"መቼ አስወራኸኝ?" አለች፤ ቀናም አላለች።

በማግሥቱ ወደ ቢስቲማ አሳፈርኋት።

አሁን ከሄደች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ወፏን የማጫወቱ ተራ የኔ ሆነ። ቁጭ ብዬ ሞከርሁ። "ብይ" አልሁ። "ውረጂ" አልሁ። ከዚያ ወዲያ የምለው አለቀብኝ። ለካ ዕድሜ ልኬን ያወራሁ መስሎኝ ሳዝ ነው የኖርሁት። ወፏም ወደ ጥጓ ተመለሰች።

ትናንት ዘይነብ ደወለች።

"እህትሽ እንዴት ሆነች?" አልሁ። እዩልኝ፣ ጠየቅሁ!

"አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል። በል ድምፁን ጨምረህ ስልኩን ለወፏ አስጠጋላት" አለችኝ።

ወደ ቅርንጫፉ ዘርግቼ ክንዴ እስኪዝል ቆምሁ። ስለ ቢስቲማ ገበያ፣ ስለ እህቷ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ፤ አንዷ ስታወራ ሌላዋ እየተቀበለች። ሲጨርሱ "እኔም ደህና ነኝ" ልል ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስሁት።

ተዘግቷል።