በጎታችን የከረመው ገመድ

በዕድሜዬ ከእኔ ልማር ብሎ የመጣ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱንም ሰረቅሁት።

ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ነገሩን ስሙትና ከዚያ ትፈርዳላችሁ። እኔ እንደሁ ወሬ አላበዛም። ፊደልም አልቆጠርኩ፤ የምለውን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። «አባየ፣ ይኸማ አጠረ፤ ጨምርበት» ትለኛለች። ከየት አምጥቼ ልጨምር? ያየሁትን ነው የምለው።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አገሬ ኮሶዬ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጤፍ የሚባል ነገር ከገበያ እንጂ ከመሬታችን አናውቅም። ያለን ገብስ ነው። ገብስ እንዘራለን፣ ገብስ እንበላለን፣ ገብስ እንጠጣለን፤ ስንሞትም ለተዝካራችን የሚጠመቀው ያው ገብስ ነው።

አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ እቤቴ ድረስ መጣ። «አያ ደርሶ፣ እንግዳ አለብህ» አለኝ። ከመንግሥት የተላከ ፈረንጅ ነው አለ። የእርሻ ሊቅ ነው አለ። ክረምቱን እስከ መኸር ካንተ ቤት ይቀመጣል አለ።

«ምን ሊሠራ?» አልኩት።

«ሊማር።»

«ከማን?»

«ካንተ።»

ሳቅሁ። ጭቃ ሹሙ አልሳቀም። ያኔ ነው የፈራሁት።

እስቲ እናንተው ንገሩኝ። ዲያቆን ከቄስ ይማራል፤ ቄስም ከመሪጌታ ይማራል። ሊቅ ከመሃይም ሲማር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር ተሻግሮ፣ ማኪና ተሳፍሮ፣ የኔን የደርሶን ሞፈር ሊያይ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ጠረጠርኩ።

ፈረንጁ መጣ። ረጅም፣ ፊቱ የቀላ፣ ጸጉሩ የገለባ መልክ ያለው ሰው ነው። ከየት አገር እንደሆነ ነግሮን ነበር፤ አልያዝኩትም። አብሮት ጌታሁን የሚባል አስተርጓሚ አለ፤ የጎንደር፣ የአራዳ ልጅ። ጫማው እንዳይጨቀይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል ፍየል ይመስላል። ፈረንጁ ግን ጭቃውን አልፈራም። ቀጥ ብሎ መጣና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ለእኔ! ባለቤቴ የውብዳር ከጓዳ ሆና አየችውና፣ «ምነው፣ ይኸ ሰውዬ የጠፋበት ነገር አለ እንዴ?» አለች።

ሰውዬው ሸጋ ሰው ነበር፤ እውነቱን እንነጋገርና። መደብ ላይ ተኛ፤ ቁንጫው በላው፤ አላማረረም። በሶ ሰጠነው፤ በላ። ጠላ ሰጠነው፤ ደገመ። ግን ይጠይቃል። ኧረ ጥያቄው! መሬቱን ስንት ጊዜ ታርሰዋለህ ይለኛል። «እስኪበቃው» አልኩት። ጻፈ። ዘሩ ምን ያህል ነው ይለኛል። «እንደ እጄ ነዋ» አልኩት። ይኸንንም ጻፈ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እጅህን አሳየኝ አለና መዳፌን ለካ። የጣቴን ርዝመት በወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ምን ቢሆን ነው? እናንተስ አትጠረጥሩም?

ይኸ ሳያንስ ማለዳ ማለዳ ማሳ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የገብስ ዛላ ይቆጥራል። አንድ በአንድ፣ እየነካ። አገሩ «አቶ ዛላ» የሚል ስም አወጣለት። እኛ አገር እህል አይቆጠርም። አውድማ ላይ እንኳ ምርቱን ስንሰፍር ቁጥር ከአፋችን አናወጣም፤ በረከቱ ይሸሻል። የደብራችን መሪጌታ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ወረደ፤ ይኸ ደግሞ ገብሱን ቢቆጥር ምን ይወርድብን ይሆን አሉ። አገር ተንሾካሾከ።

ቢሆንም እስከዚህ ድረስ ችያለሁ። ያልቻልኩት ገመዱን ነው።

አንድ ቀን ከቦርሳው ገመድ አወጣ። በየክንዱ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። አራት የብረት ችካልም አወጣ። አንዱን ችካል ማሳዬ ላይ ተከለና ገመዱን ይስብ ጀመር። 

ቀላድ ነው! መሬት የሚለካበት ገመድ። በሌላ አገር ቀላድ የወደቀበት ገበሬ ምን እንደሆነ በገበያ ሰምተናል። ገመዱ ካለፈ በኋላ ግብሩ ይከብዳል፤ ከልኩ የተረፈው መሬትም የመንግሥት ነው ይባላል። የእኔ ርስት ልኩ ምንድን ነው? ከኮሶው ዛፍ እስከ ምንጩ ነው። አባቴ እንዲህ አለኝ፤ እሱንም አባቱ እንዲህ አለው። ገመድ አልገባበትም።

ጌታሁንን ጠየቅሁት። መሬቱን ሊለካ አይደለም አለ። ትንሽ ቦታ ለይቶ ከዚያች ላይ ምን ያህል ገብስ እንደሚገኝ ሊያይ ነው አለ። «ይችን ታህል ብቻ፣ አያ ደርሶ» ብሎ በእጁ አሳየኝ። ጣልያንም መንገድ ብቻ ነው የምጠርገው ብሎ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር አዳረሰ። ጎረቤቴ ቢተው መጣ። ቢተው እንደ እኔ ቃል አይቆጥብም። ደጄ ላይ ቆሞ፣ አገር እስኪሰማው፣ «አንተ ደርሶ! ርስታችንን በስንት እንጀራ ለወጥከው? ገመድ ይዞ የመጣን ሰው አብልተህ ታሳድራለህ?» አለኝ። በዚያው ሰሞን የጊዮርጊስ ማኅበር ነበር። ጽዋው እየዞረ እኔ ዘንድ ሲደርስ አሳላፊው ወደ ሌላ ዞር አለ። ጽዋው ዘሎኝ አለፈ። አባቴ በተቀመጠበት ቦታ ተቀምጬ ጽዋ ዘሎኝ አለፈ!

በማግስቱ ፈረንጁ ወንዝ ሊታጠብ ሲወርድ ገመዱን አነሳሁት። ጓዳ ገባሁ። ጎታው በነጭ ገብስ ሞልቷል። ገብሱን በክንዴ ሰርስሬ ገመዱን ከሥር ቀበርኩት። ለየውብዳር አልነገርኳትም። የማታውቀው ነገር አያስጨንቃትም ብዬ ነው።

አስጨነቃት። ፈረንጁ ገመዱን ቢፈልግ አጣ። ጌታሁን ከቤት ቤት እየዞረ ጠየቀ። የውብዳር እንባዋ መጣ። ከቤቴ የእንግዳ እቃ ጠፋ ሲባል ልሰማ ነው አለች። «በማርያም! ገመዱ ከዚህ ቤት አልወጣም!» ብላ ማለች። እውነቷን ነው፤ አልወጣም። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ጣራ ጣራውን አየሁ።

በሁለተኛው ቀን ችካሎቹም ጠፉ። እነሱን እንኳ እኔ አልነካኋቸውም።

ፈረንጁ አልተቆጣም። በእግሩ እየረገጠ ለካ። ያ ትንሽ አሳፈረኝ። ትንሽ ግን።

መኸሩ አልቆ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ለመነ። ካላችሁ የገብስ ዓይነት ሁሉ እፍኝ እፍኝ ዘር ስጡኝ አለ። ተሰበሰብንና መከርን። ዘር ከቤት ሲወጣ በረከት ይከተለዋል፤ ነጩን ገብስ እንዴት እንሰጣለን? ነጩ ዛላው ረጅም፣ ፍሬው ወፍራም፣ ቆሎው ሸጋ ነው። ጥቁር ገብስ የሚባል ደግሞ አለ። አባቶቻችን ይዘሩት ነበር። ፍሬው ትንሽ፣ ገለባው ደረቅ ነው፤ ሙያው ቶሎ መድረስ ብቻ ነው። ለእንግዳ የማይቀርብ፣ ሴቶች ለጠላ ብለው በየጓዳው ያኖሩት ነገር ነው። ቢተው መላ አመጣ። «ነጩ አልቋል እንበለው። ጥቁሩን እንስጠው። ብዙ አድርገን እንስጠው፤ ብዙ ያገኘ ሰው ሌላ አይጠይቅም።»

ሁሉም ወደ ጓዳው ገባ። ከቅሉም፣ ከእንስራውም፣ ከቁናውም ጥቁር ገብስ ተጠራርጎ ወጣ። እፍኝ ለለመነ ሰው ስልቻ ሙሉ ሰጠነው።

ፈረንጁ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበራት። መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። ዓይኑ እንባ አዘለ። ጌታሁን እንዲህ ይላል አለን፦ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ ዘሩን ሳይሰስት እንዲህ የሰጠኝ ገበሬ የለም። ቢተው መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁ። ሰውዬው አቀፈኝና ሄደ። ማኪናዋ ከዓይናችን ስትሰወር ጅብ የሸሸልን ያህል ደስ አለን። በሚቀጥለው ማኅበር ጽዋው እኔ ዘንድ ቆመ።

እሽ። ዓመቱ ዞረ።

ጥቅምት ገባ። ነጩ ገብስ ገና እሸት ነው። አንድ ማለዳ ብወጣ ማሳው ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ውርጭ! በማግስቱም ደገመው። በሦስተኛው ቀን ዛላውን ባሸው እጄ ላይ የቀረው ገለባ ነው። መሪጌታ «አላልኳችሁም?» አሉ። ቢተውም በመቁጠሩ ነው፣ በመቁጠሩ ነው እያለ አገር ዞረ። የቢተው እናት በጣም ያረጁ ናቸው፤ እሳት ዳር ተቀምጠው ይሰሙታል። ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ውርጭ ድሮም ነበር። ጥቁሩን የምንዘራው ለዚህ አልነበር? እሱ እኮ ውርጩ ሳይመጣ በመስከረም አውድማ ይገባ ነበር» አሉት።

ቢተው አየኝ። እኔም አየሁት።

ጥቁር ገብስ ማን ጓዳ አለ? ማንም ጓዳ የለም። የአይጥ ጉድጓድ ሳይቀር ፈተሽን። አንዲት ፍሬ የለም። ያን ያህል ቸሮች ነበርን።

ያ በጋ እንዴት እንዳለፈ አላወራም። ጎታው እየጎደለ ሄደ። ግንቦት ላይ የውብዳር የቀረውን ልትጠርግ ጎታው ውስጥ እስከ ወገቧ ጎነበሰች። ስትነሳ ቁና ይዛ አልነበረም። ገመዱ በእጇ ነው፤ ቀይ ጨርቁ እየተንጠለጠለ ይከተላታል። አየችኝ። ሠላሳ ቃል ብትናገረኝ ይሻል ነበር።

«በማርያም አስማልኸኝ» አለች።

ገመዱን እግሬ ሥር ጣለችው።

«ነገ ጎንደር ትወርዳለህ። ገመዱን ትመልሳለህ። ዘራችንን ይዘህ ትመጣለህ። ዘር ካላመጣህ በሬዎቹን ምን ልታሳርሳቸው ነው?»

ገመዱን ከጋቢዬ ሥር ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት። ፈረንጁ ይሠራበት የነበረው የእርሻ ቢሮ ደጃፍ አንድ ቦታ ጥዬው ለመሄድ ነው ሐሳቤ። ቢተውም ለዘሩ አብሮኝ ወረደ። ትንሽ ጥቅል በትከሻው ይዟል። ሲራመድ ጥቅሉ ቅጭል ቅጭል ይላል። አልጠየቅሁትም። እኔ ወሬ አላበዛም።

አራዳ ደረስን። የእርሻ ቢሮ ገባን። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጌታሁን! ጸሐፊ ሆኗል። ፈረንጁ አገሩ ገብቷል አለን። የሰጣችሁትን ግን ግማሹን እዚሁ ትቶታል አለና ትልቅ ቆርቆሮ አወጣ። ክዳኑ ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል። አነበበልን፦ «ኮሶዬ፣ ከአያ ደርሶ ቤት። ሳይሰስቱ የሰጡት። ባለቤቶቹ ቢቸግራቸው ይመለስላቸው።»

እጄን ዘረጋሁ። ጌታሁን ቆርቆሮውን ወደ ራሱ ሳበ።

«ቆዩ እንጂ» አለ። ዘሩ የሚሰጠው ቦታው ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎ ነው አለ። መለኪያው ደግሞ የጠፋው እናንተው አገር ነው አለ። ሌባው ሳይታወቅ ለኮሶዬ አንዲት ፍሬ አትወጣም ብለዋል አለቃዬ አለ። አዲስ ገመድ ከአዲስ አበባ ታዟል፤ ለመስከረም ይደርሳል አለ። ለመስከረም! እኛ የምንዘራው በሰኔ። ይኸን ሲል ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ፈረንጁን ያየሁበት የራሴ ዓይን ነው።

አሁን ምን ትላላችሁ? ዝም ብል ልጆቼ አይበሉም። ብናገር በሽበቴ ሌባ ነኝ፤ መሬቴም ይለካል።

ጋቢዬን ገለጥኩ። ገመዱን ከወገቤ መፍታት ጀመርኩ። አንድ ቀይ ጨርቅ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ወጣ። አያልቅም! ጌታሁን አፉን ከፍቶ ቀረ። የቢተው ዓይን ፈጠጠ። «አንተ ነህ? ያ ሁሉ ዝምታ ለዚህ ነው?» አለኝ።

«አንተስ ጥቅልህን ፍታ እንጂ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ፈታው። ሦስት የብረት ችካል ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«አራት ነበሩ» አለ ጌታሁን።

ቢተው ከጥቅሉ ሥር ማጭድ አወጣ። «ይኸው አራተኛው» አለ። «ቀጥቃጩ ትንሽ አጎበጠው።»

ጌታሁን ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ዘሩን ሰጠን።

በሳምንቱ ሊለካ መጣ። የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ራሴ ነኝ። በአንዱ ጥግ ማጭዱን ተከልን። የተለካው ቦታ ከአውድማዬ አይሰፋም። ይችን ታህል ብቻ፣ ልክ በእጁ እንዳሳየኝ። ለዚች ብዬ ነው ሚስቴን በማርያም ያስማልኳት። ጥቁሩ ገብስ በመስከረም ደረሰ፤ ውርጩ ሲመጣ ማሳው ላይ ቃርሚያ ብቻ ነበር ያገኘው።

ፈረንጁ ከእኔ ምን እንደተማረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንዲያውም ሊማር መጣ መባሉን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

ከዚያ ወዲህ ዘሩን የምታስቀምጠው የውብዳር ናት። የት እንደምታስቀምጠው አላውቅም። ጎታው ውስጥ አየሁ፤ የለም። ከመደቡ ሥር አየሁ፤ የለም። አንድ ቀን ጨክኜ ጠየቅኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ ያን የማውቀውን ዓይን አየሁት።

«ምነው?» አለችኝ። «ለማን ልትሰጠው ነው?»